ግማሽ ሰዓት እስኪበርድ

«እዚህ ቤት በቃ አልቻልኩም። ቤቱ ራሱ ነው የሚያጠፋብኝ፣ እመነኝ!»

የልጃቸው ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ሲመጣ አቶ ገበያው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ እግር ካልሲ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ሰው ሲያወራ ጆሮ መጣል ነውር እንደሆነ ያውቃሉ። ግን መቼስ አንድ ክፍል ቤት በአበባ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ጆሮን የት ያደርሱታል? ኤልዳድ በስልክ ነበር የሚያወራው። «ማሽኑ ሌላ ቤት ቢሆን እኮ አይጠፋም... አዎ፣ ጎተራማ መብራቱ ቀጥ ያለ ነው... እሺ፣ ነሐሴ አንድ እገባለሁ። አይ፣ ገና አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ... በቃ እነግረዋለሁ አልኩህ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፣ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን መደብደቡን ቀጠለ።

ነሐሴ አንድ ፍልሰታ የሚገባበት ቀን ነው። አቶ ገበያው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ዛሬ ቅዳሜ፣ ስድስት ቀን ቀርቷል። ልጅ አድጎ ከቤት ይወጣል፣ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኤልዳድም ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሞባይል መሸጫ ውስጥ ሥራ አለው፣ ከጓደኛው ጋር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቢከራይ ማንም አይፈርድበትም። አቶ ገበያውን ላብ ላብ ያላቸው ምክንያቱ ነው። ማሽኑን የሚያጠፋው የቤቱ መብራት አልነበረማ። እሳቸው ናቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የአባትየው ጥፋት በምስኪኑ ቤት ላይ ተላክኮ፣ ልጁ በዚያ ሰበብ ሊሄድባቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ካዛንቺስ ልብስ ማድረቅ የሚባል ነገር የለም። የቀበሌ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት ገመድ የስድስት አባወራ ናት፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሽሚያ ነው። የኤልዳድ የጌም ማሽን ደግሞ፣ ያ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቃቅሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የገጣጠመው ጥቁር ሳጥን፣ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ይቀመጣል። ከጀርባው ቀዳዳ የሚወጣው ሙቅ አየር መጋረጃው በተሰበሰበበት በኩል አልፎ በቀጥታ የአቶ ገበያው አልጋ ግርጌ ላይ ይነፍሳል። ሽማግሌው መጀመሪያ እግራቸውን አሞቁበት። ቀጥሎ ካልሲ አደረቁበት። ግሩም ነው! አንድ ምሽት ደግሞ ሟች ሚስታቸው ወይዘሮ ጀማነሽ በእጃቸው የፈተሉትን ጋቢ፣ እርጥቡን፣ እጥፍ አድርገው እዚያው ማሽኑ ጀርባ ላይ አሰጡት። ሃያ ደቂቃ አልቆየም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ተኩስና ጩኸት ድርግም አለ። «ኧረ በእናትሽ!» አለ ኤልዳድ፣ ማሽኑን።

አቶ ገበያው ኮምፒውተር አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት የሠሩት መዝገብ ቤት ነው፣ ፋይል በሲባጎ እያሰሩ። ጆሮ ግን አላቸው። ልጁ በገዛ ፈቃዱ ሲያጠፋው ማሽኑ አንዲት አጭር ሙዚቃ አሰምቶ፣ ደህና እደሩ ብሎ እንደሚወጣ እንግዳ ነው ጸጥ የሚለው። ያን ዕለት ሙዚቃ የለ፣ ስንብት የለ፤ እፍ እንዳሉት ሻማ ጠፋ። ኤልዳድም መጋረጃውን ገልጦ ወጣና «ሞቆ ነው መሰለኝ። እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ልተወው» ብሎ በርጩማዋን ስቦ አባቱ ፊት ቁጭ አለ። ጀማነሽ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሆን ነው፣ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከአንድ ትሪ በልተው አያውቁም ነበር። አቶ ገበያው የልጁን ድርሻ በሳህን አድርገው በመጋረጃው ሥር ያሳልፋሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶው ሳህን በዚያው ይመለሳል። ወጉ ይኸው ነው። ያን ማታ ግን አብረው በሉ። ኤልዳድ እናቱ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ በጫማ ያባረሩበትን ቀን አነሳ፣ ሁለቱም ሳቁ፣ አቶ ገበያው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓቱ አለቀና ልጁ ገባ።

በማግስቱ ማሽኑ አልጠፋም። ሳህኑ በመጋረጃው ሥር ሄደ፣ በመጋረጃው ሥር ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አቶ ገበያው ጋቢውን እንደገና ማሽኑ ላይ አሰጡት። በሦስተኛው ቀን ጋቢው ደረቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ቀን፣ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ጋቢዋ ትወጣለች፣ ማሽኑ ድርግም ይላል፣ አባትና ልጅ እራት ይበላሉ። ጋቢዋ ባልወጣችበት ቀን ሳይቀር ማሽኑ በራሱ ይጠፋ ጀመር፤ አቶ ገበያው ይህንን እንደ ምርቃት ቆጠሩት። ጥፋት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ ያደጉ ሰው ናቸውና ለራሳቸው ማመካኛ አላጡም፤ ደሞ ማሽን ነው፣ ሲበርደው ይነሳል፣ ምን ይሆናል? ይኸው ምን እንደሚሆን ዛሬ በጆሯቸው ሰሙት።

ኤልዳድ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ ሲል አቶ ገበያው ሁለተኛውን ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ አሉ። ስለ ጎተራ ይነግረኛል ብለው ጠበቁ። አልነገራቸውም። «አባዬ፣ ማሽኑን ዛሬ ላንቻ ላሳየው ነው። ሱሩር የሚባል ሰው አለ፣ እንደሱ የሚያውቅ የለም አሉ። አንጎሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሳይቃጠል አልቀረም። ማለቴ... የዚህ ቤት መብራት ነው የጨረሰው።»

«ብቻህን አትችለውም፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

«ዝናብ ነው እኮ አባዬ።»

«ቢሆንስ? ጨው ነኝ?»

መጠቅለያ ፈለጉ። የነበረችው ፕላስቲክ የሳጥኑን ግማሽ እንኳን አልሸፈነችም። ኤልዳድ ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ አልጋው ራስጌ ላይ አረፈና «ያን ጋቢህን አምጣው እስኪ» አለ። አቶ ገበያው እያመነቱ ጋቢውን አነሱ፣ ሰጡት፣ ልጁም ማሽኑን እንደ ጨቅላ ጠቀለለው።

ታክሲው ውስጥ ማሽኑ የተቀመጠው አቶ ገበያው ጭን ላይ ነበር። ረዳቱ ለዕቃውም የሰው ሂሳብ ትከፍላላችሁ ብሎ ትንሽ ተነታረከ፤ ኋላ ጭን ላይ እስከሆነ ይሁን ብሎ ተወው። መስኮቱ ሁሉ በእስትንፋስ ጉም ለብሷል፣ የእርጥብ ልብስ ሽታ ነው፣ ሁሉም ሰው ጉልበቱን ሰብስቦ ዝም ብሏል። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ጋቢውን አየት፣ የሽማግሌውንም ፊት አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውይ፣ ታሞ ነው ልጁ?» አሉ።

አቶ ገበያው ማሽኑን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከወዲያ በኩል ኤልዳድ «አዎ እማማ፣ ትኩሳት አለው» አለ።

«እሱ ይማረው የኔ ጌታ። የቀን ጎዶሎ ነው፣ ያልፋል።»

አባትና ልጅ ተያዩ። ኤልዳድ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠው፤ አቶ ገበያውም ሊስቁ ሲሉ ነሐሴ አንድ ትዝ አላቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ስታዲየም ደረሱ፣ አለፉ። እስከ ላንቻ አቶ ገበያው ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሁለት ጊዜ ዘጉ። አሁን ልንገረው? ምን ብዬ? አብረኸኝ እንድትበላ ብዬ ዕቃህን አቃጠልኩት? አንድ ስልሳ አንድ ዓመት የሆነው ሰው፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ጠፋብህ ተብሎ የማያውቅ ሰው፣ ይሄ ከአፉ ይወጣል?

የሱሩር ሱቅ አንድ ፎቅ ሥር፣ ደረጃው ሥር ተሸጉጣ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ነው። በካርቶን ላይ «ምርመራ 50፣ ጽዳትና ፔስት 200፣ ዱቤ የለም» ተጽፏል። ሱሩር ራሱ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የስልጤ ሰው ነው። ለአቶ ገበያው ያለችውን አንዲት ወንበር ወለወለና «ይቀመጡ አባባ» አለ፤ ከጎን ቁርስ ቤት ሻይ አዘዘላቸው። ጋቢውን ከማሽኑ ላይ ገፎ፣ አጣጥፎ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ሲያጣጥፈው እጁ ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» አለ ኤልዳድ። «መብራቱ ነው።»

«ተው እስኪ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለ ሱሩር። «ፕሮሰሰር ቢቃጠል ኖሮ መች ይነሳ ነበር? እሱ ብልህ ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፣ እንዳይሞት። ጥያቄው ምን አሞቀው ነው።» ማሽኑን ከስክሪን ጋር አገናኘና ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ ነገር ከፈተ። ምንም ሳይሠራ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ። «ቆሞ ነው እንግዲህ፣ ሳይሮጥ» አለ። ጌሙን አስነሳው። ሰባ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና አንድ። ፋኑ እንደ ወፍጮ አጓራ። ዘጠና ስድስት ላይ ኤልዳድ ጥፍሩን መንከስ ጀመረ። ዘጠና ዘጠኝ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ፣ ያለ ሙዚቃ። በዚህ መሐል የኤልዳድ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አየና አባቱን በዓይኑ ሰርቆ አይቶ፣ «መጣሁ» ብሎ ወደ ደረጃው ወጣ። የጎተራው ጓደኛው እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሱሩር የሳጥኑን ጎን ከፈተ። ባትሪ አበራ፣ አየ፣ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እንደገና አየ። ፋኑን በአራት ብሎን ፈታና ከሥሩ ያለውን የብረት ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ገለበጠው። በጥርሶቹ መሐል ነጭ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ተወትፏል። በመቆንጠጫ ይዞ ሳበው፣ እንደ ጉድ ይመዘዝ ጀመር። ከኋላው ወንፊትም እንዲሁ። ጠረጴዛው ላይ ክምር ሠራ። ሱሩር ክምሩን አየ። አቶ ገበያው ጭን ላይ ያለውን ጋቢ አየ። ከዚያ ሽማግሌውን አየ።

«አባባ፣ አቧራ ግራጫ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ጥጥ ነው። የእጅ ፈትል።»

አቶ ገበያው ሻዩን አስቀመጡ። ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። «ክረምት ነው እንግዲህ» አሉ። «ላደርቅ ብዬ ነው።»

«አንዴ ነው?»

የጋቢውን ጫፍ በጣታቸው ማሸት ጀመሩ። ሱሩርም መልስ አልጠበቀም፤ በጨርቅ ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን አሮጌ ፔስት፣ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሻግረውን ቅባት፣ ይጠርግ ጀመር። አቶ ገበያው ግን አንዴ ከተነካኩ በኋላ ዝምታው ከበዳቸው። በሩን አየት አደረጉና፣ ይህንን ለማያውቁት ሰው ለምን እንደሚናገሩ ሳይገባቸው፣ «ሲጠፋበት ይወጣል» አሉ። «ይወጣና አብረን እንበላለን። ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ይገባል።»

ሱሩር ጨርቁን አስቀመጠ። «የኔም አባት አገር ቤት፣ ወራቤ፣ ብቻቸውን ናቸው» አለ፣ ቀና ሳይል። «ስልክ ስደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብለው ይጮኻሉ። የሚቆራረጥ ነገር የለም። እንደገና እንድደውል ነው።» ከትንሽ መርፌ የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት ጠብ አደረገና ፋኑን መልሶ አሰረው። «ለልጁ አቧራ ነው እለዋለሁ።»

«ውሸት እንዳይሆንብህ።»

«አቧራም ነበረው እኮ፣ ትንሽ።»

ኤልዳድ ሲመለስ ማሽኑ እንደገና ጌም ላይ ነበር። ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ፣ ስልሳ አራት። እዚያ ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ንቅንቅ የለ። አቶ ገበያው ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አቃታቸው። እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ ውጣ፣ ትንሽ ብቻ ውጣ እያሉ በሆዳቸው ለመኑት። ቁጥሩ እንደሆነ ስልሳ አራት ላይ ዘና ብሎ ተቀምጧል። «አቧራ ነው የዘጋው» አለ ሱሩር፣ «ፔስቱም ደርቆ ነበር። መብራቱ ምንም አላጠፋም። ከጀርባው ክፍት ይሁን፣ ይተንፍስ። ከእንግዲህ ስድስት ወር ንካኝ አይልህም።»

«የትም ቤት ቢሆን?» አሉ አቶ ገበያው፣ ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

«የትም ቤት ቢሆን አባባ። ቤቱ ምን አደረገ?»

ኤልዳድ ጠረጴዛው ላይ ከቀረው ነጭ ክምር ትንሽ ቆንጠር አድርጎ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ረዘም አድርጎ እንደ ክር ሳበው። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው፣ ሂሳቡን ከፈለ፣ ማሽኑን በጋቢው ጠቀለለ። ሱሩር እስከ ደረጃው ሸኛቸው።

ካዛንቺስ ከታክሲ ሲወርዱ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ኤልዳድ ማሽኑን አቅፎ ፊት ፊት ይሄዳል፣ አቶ ገበያው ከኋላው የጭቃውን ደረቅ ደረቅ እየመረጡ ይከተላሉ። የቤታቸው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ደፈር ብለው «እንግዲህ ቤቱ ምንም አላጠፋም ተብሏል» አሉ። «መብራቱም ደህና ነው። ጎተራ... ማለቴ፣ አሁን ምክንያት የለም እኮ።»

ኤልዳድ ቆመ። ከየት ሰማህ ብሎ አልጠየቃቸውም። ማሽኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። «አይ አባዬ» አለ፣ ጭቃውን እያየ። «እሱ በቃ ተቆርጧል። ማሽኑን እንደ ሰበብ ነው የያዝኩት። ምን ብዬ እንደምነግርህ ስላጣሁ።» ቀና ብሎም «እሁድ እሁድ እመጣለሁ» አለ።

«ጎበዝ» አሉ አቶ ገበያው። «ልጅ ማደግ አለበት።» ከዚያ ሱቅ ገብተው አራት እንቁላል ገዙ፤ አንዱ ሦስት ብር ከሃምሳ ገብቷል፣ ባለሱቋ ብርነሽ ፆሙ ሲገባ ይረክሳል ብላ አጽናናቻቸው።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ተመልሶ መጣ። አቶ ገበያው ጭቃ የነካውን ጋቢ አለቀለቁት፣ ጨመቁት፣ ከዚያ እቤት ውስጥ ከአልጋቸው በላይ በተወጠረችው ገመድ ላይ ሰቀሉት፤ ውኃው ጠብ ጠብ እንዲልበት ከሥሩ ሳፋ አደረጉለት። ወደ ማሽኑ ጀርባ እጃቸውን ዘረጉ። የሚወጣው አየር ለብ ያለ፣ ረጋ ያለ ነበር፣ ካልሲም አያደርቅ። እጃቸውን ሰበሰቡ። እንቁላሉን በቃሪያ ጠበሱ፣ በሁለት ሳህን ከፈሉት፣ እንጀራ ደራረቡበት። አንደኛውን እንደ ልማዳቸው በመጋረጃው ሥር ሊያሳልፉ ጎንበስ አሉና፣ ጉልበታቸው ነው ወይም ሌላ ነገር፣ እዚያው በርጩማዋ ላይ አስቀመጡት። ሲርበው ይወስደዋል። ሁለት ሰዓት ሆነ። ከመጋረጃው ወዲያ ተኩሱ ይንጣጣል፣ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ከሩብ ሆነ። አቶ ገበያው አማተቡና ለብቻቸው ቆርሰው ጎረሱ። እንቁላሉ ቀዝቅዟል።

ሁለተኛውን ሳይጎርሱ ተኩሱ ቆመ። ቀጥሎ ያቺ አጭር ሙዚቃ ተሰማች፣ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ፣ አንዲት ድምፅ ሳትጎድል። ከዚያ ጸጥ አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። ኤልዳድ ፀጉሩን እያሻሸ ወጣ፣ አባቱን ግን አላያቸውም። «ይኸው፣ ደሞ ጠፋብኝ» አለ።

አቶ ገበያው ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቀና አሉ። ልጁ በርጩማዋ ላይ ያለውን ሳህን አንስቶ ቦታውን ያዘ። «አይ የሱሩር ነገር!» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ነው። ምን ይደረጋል?» ትሪውን ሳቡና ሁለቱን ሳህን አንድ ላይ ገለበጡት። መብላት ጀመሩ። ጋቢው ሳፋው ውስጥ ያንጠባጥባል፣ ኤልዳድ እየጎረሰ ቀና ብሎ አየው፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና አየው።

«እዚያማ አይደርቅልህም አባዬ» አለ። «እስክሄድ ድረስ ማሽኑ ላይ አስጣው።»

ጠብ አለ ውኃው። ጠብ። አቶ ገበያው ከእንቁላሉ ደህና ደህናውን በጣታቸው ወደ ልጃቸው በኩል ገፉት።

«ጋቢውማ ደርቋል እኮ» አሉ።